ዳሃቦና የሟቹ ፔጆ

ዲሪዬ ከድሬዳዋ ሐረር ሰው የሚያመላልስ ሹፌር ነበር። መኪናዋ የራሱ ነበረች፤ ፔጆ 203 የምትባለው፣ ጀርባዋ ጎበጥ ያለች ትንሽ መኪና። ወደ አገሩ ሊመለስ ከተነሣ አንድ ግሪክ ነጋዴ አሮጌዋን ገዝቶ አምስት ዓመት ሠርቶባታል። በ1955 ዓ.ም. በጋ፣ ስድስት ሰው ጭና የደንገጎን ዳገት ስትወጣ ሞተሯ ጋለና ደርቆ ቀጥ አለ። ተሳፋሪዎቹ ወርደው ሌላ መኪና ጠበቁ። እሷም በጭነት መኪና ተጎትታ ቁልቁል ወረደችና መጋላ ሰፈር ካለው ግቢው ገብታ ቆመች።

ዲሪዬ ሌላ ሞተር ገዝቶ ሊያስገባላት ገንዘብ ማጠራቀም ጀመረ። እስከዚያው በሰው መኪና ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ወባ ያዘው፤ ተሽሎት ተነሣ፣ እንደገና ተኛ፣ በዚያው ሞተ።

ሚስቱ ዳሃቦ ያን ጊዜ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። ቀፊራ ገበያ ውስጥ ቅመም ትሸጣለች፤ ከሙን፣ እርድ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ሄል። ረጅምና ደረቅ ያለች፣ ከሰው ጋር ብዙ የማትስቅ ሴት ነበረች። ደንበኞቿ አትከራከርም ይሏት ነበር። አንዴ ዋጋ ከተናገረች ዝም ትላለች፤ ገዢው ብቻውን ሲከራከር ቆይቶ ይከፍላታል። አንድ ልጅ አለቻት፣ ዛምዛም፤ ቁርአን ቤት የምትማር። የባሏ እናት ሀሊሞም አብራቸው ትኖራለች። ሀሊሞ የወንድ ኮፍያ በእጇ እየጠለፈች የምትሸጥ፣ ዓይኗ ገና ያልደከመ አሮጊት ነበረች።

ዳሃቦ ዒዳዋን፣ ባሏ የሞተባት ሴት ቤት የምትቀመጥበትን ጊዜ፣ ጨርሳ ከቤት በወጣች ሰሞን የዲሪዬ ወንድም አብዲቃድር ውርሱ ይከፋፈል አለ። አብዲቃድር ቆርቆሮና አሮጌ ብረት ነጋዴ ነው። ቤቱ የሀሊሞ ስለሆነ አይነካም። የሚከፋፈለው ያቺ የቆመች መኪና ብቻ ነበረች። ጉዳዩን ቃዲ ዘንድ አቀረቡ።

«መኪናዋ ስንት ታወጣለች?» ሲል ቃዲው ጠየቀ።

አብዲቃድር ተዘጋጅቶ ነበር የመጣው። «ሼህ፣ ሞተሯ የሞተ መኪና እኮ መኪና አይደለችም፣ ብረት ናት። በብረት ዋጋ ቢበዛ ሁለት መቶ አርባ ብር ነው። እኔው እወስዳታለሁ፤ ለእናቴና ለእነዚህ ድርሻቸውን በእጃቸው እቆጥራለሁ።» አብረውት የመጡ ሁለት ነጋዴዎችም ዋጋው ልክ ነው ብለው መሰከሩ።

ቃዲው ወደ ዳሃቦ ዞረ። «አንቺስ፣ በዋጋው ትስማሚያለሽ?»

ዳሃቦ ከቀናት በፊት ከዚራ ሰፈር ወርዳ ጋራዦቹን ጠያይቃ ነበር። በሮቿ፣ መስታወቶቿና ጎማዎቿ ብቻ ተፈተው ቢሸጡ ከዚያ እንደሚበልጡ ታውቃለች። ያን ግን አልተናገረችም።

«እስማማለሁ» አለች። «በዚህ ዋጋ ግን የምገዛው እኔ ነኝ።»

አብዲቃድር ቀና አለ። «እንዴት አንቺ? ሴት ሆነሽ መኪና ምን ታደርግልሻለች? ደግሞ ዋጋውን እኔ በደንብ አላየሁትም፣ ሼህ፣ እንደገና ይታይ።»

«ዋጋውን የተናገርከው አንተ ነህ፤ ምስክሮቹንም ያመጣኸው አንተ ነህ» አለው ቃዲው። ሀሊሞ የእኔ ድርሻ ከምራቴ ጋር ይሁን አለች። የልጅቱም ድርሻ እናቷ ዘንድ የሚቀመጥ ነው። ተሰልቶ ለአብዲቃድር የደረሰው ሃምሳ ብር ሆነ። ዳሃቦ እዚያው ከመቀነቷ ፈትታ ቆጠረችለት።

ውጭ ሲወጡ አብዲቃድር፣ «ወላሂ ሦስት ወር አይሞላም፣ አንቺው ጋሪ ላይ ጭነሽ ታመጪልኛለሽ» አላት። ዳሃቦ የአማቷን ክንድ ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች።

በማግስቱ እንደገና ከዚራ ሄደች። እዚያ አንድ አርመን ጋራዥ ነበረው፤ ሰፈሩ ሙሴ ብቻ ነበር የሚለው። አማርኛም ኦሮምኛም እንደ ድሬ ልጅ ይናገራል። መኪናዋን ያውቃታል።

«ሞተር አስቀይሮ መንገድ ላይ ማውጣት ስምንት መቶ ሃምሳ ብር» አላት።

«ሞተሩ ብቻውን ስንት ነው?»

«ያገለገለ ካገኘሽ ሁለት መቶ ሃምሳ፣ ሦስት መቶ።»

«የቀረውስ?»

«የቀረው ዕቃ ነው፣ የሠራተኛ ነው፣ የቤት ኪራይ ነው። ደግሞ ተበላሸ ብለሽ መጥተሽ ስትጮሂብኝ ቁጭ ብዬ የምሰማበት ነው።»

ዳሃቦ ፈገግ አለች። «እኔ ራሴ ብቀይረውስ?»

ሙሴ አልሳቀም። እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ያኔ የምትጮሂበት ሰው አይኖርሽም» አላት።

በእጇ የነበረው፣ ዲሪዬ በሕይወት ሳለ አጠራቅሞ የሰጣትና የራሷ ተደምሮ፣ የአብዲቃድር ሃምሳ ብር ከወጣ በኋላ አራት መቶ ሃያ ብር ነበር። ከገበያ ቅመም ማምጫውን አልነካችም፤ እሱ የዕለት እንጀራቸው ነው። በዚህ ገንዘብ ጋራዥ አይታሰብም። መኪናዋን ለመሸጥም አልፈለገችም። በኋላ ሰዎች ለምን እንደሆነ ሲጠይቋት፣ ቅመም አንድ ሰው እንደሚያኖር፣ ሦስት ሰው ግን እንደማያኖር አውቄ ነው ትል ነበር።

ሞተር የሚያውቅ ሰው አላጣችም። ጉሌድ የባሏ ጓደኛ ነው። ሃያ ዓመት ጭነት መኪና ነድቷል፤ ስትበላሽበትም በረሃ ላይ ራሱ እየፈታ ሠርቷል። ከሁለት ዓመት በፊት ግን ጭነት ሲያወርዱ ሣጥን ቀኝ እጁ ላይ ወድቆበት ሦስቱ ጣቶቹ ከዚያ ወዲህ አልታጠፍ ብለዋል። መሪም ማርሽም መያዝ ስላልቻለ አሁን መናኸሪያው አጠገብ ቁጭ ብሎ ለተሳፋሪዎች ዕቃ ይጠብቃል። ሚስቱ ቀደም ብላ ሞታለች፤ ልጆቹ ጅቡቲ ናቸው።

«እኔ አውቃለሁ፣ እጅ ግን የለኝም» አላት ስታማክረው።

«እኔ እጅ አለኝ» አለችው።

ጉሌድ ሳቀባት። እንደማትስቅ ሲያይ ተወ።

መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ሞተር መፈለግ አልነበረም። ዳሃቦ ቅመም የሚመጣባቸውን አራት ቆርቆሮ ጣሳዎች አጥባ ደረደረችና ገንዘቡን ትከፋፍል ጀመር። አንደኛው ጣሳ የሞተሩ፤ ሁለት መቶ ሠላሳ ብር ገባበት። ሁለተኛው ለዕቃ ነው፤ ለፍሪሲዮን ሸራ፣ ለቀበቶ፣ ለጎማ ቧንቧ፣ ለካንዴላ፣ ለዘይት፤ ሰባ ብር። ሦስተኛው ሞተር ማንሻ ለመከራየትና ብረት ለማስበየድ፤ አርባ ብር። ሰማንያ ብር እጇ ላይ ቀረ።

«ይኼን ሞተሩ ላይ ልጨምረውና የተሻለ ሞተር ልግዛ» አለች።

«አይሆንም» አላት ጉሌድ። «እሱን አራተኛው ውስጥ ክተቺው።»

«ለምን ተብሎ?»

«ለማናውቀው ነገር።»

«የማናውቀውን ነገር እንዴት ገንዘብ እሰጠዋለሁ?»

«ስትሰጪው ነው የምታውቂው። አቦ፣ አሮጌ መኪና ነው እኮ። የከፈትሽው ቦታ ሁሉ ሌላ ነገር ያሳይሻል።»

ዳሃቦ አላመነችውም፤ ቢሆንም ከተተችው።

ሞተሩ የተገኘው ሂርሲ ከሚባል የጅጅጋ መንገድ ነጋዴ ነው። ፔጆ 403 ነበረችው፤ ኤረር መንገድ ላይ ተገልብጣ ጣሪያዋ ከወንበሯ ተጣብቋል። ሰዎቹ በሰላም ወጥተዋል፤ ሞተሩም አልተነካም። የ403 ሞተር ከ203ቷ ይበረታል፣ ዘሩ ግን አንድ ነው። ትንሽ ማስተካከል ይጠይቃል እንጂ ይገባል አላት ጉሌድ። ጉሌድ ሂርሲ ፊት ሞተሩን አላመሰገነም፣ አላጣጣለምም። ካንዴላዎቹን ዳሃቦን አስፈትቶ በግራ እጁ ሞተሩን አዞረ፤ የዘይት መለኪያውን አውጥቶ አሸተተ፤ ከዚያ ራቅ ብሎ ጥላ ሥር ቆመ።

«ሦስት መቶ ሃምሳ» አለ ሂርሲ።

«ካምቢዮው አያስፈልገኝም፣ የእኔ አለኝ። ሞተሩን፣ ፍሪሲዮኑንና ራዲያተሩን ብቻ ነው የምወስደው» አለች ዳሃቦ።

«ሁለት መቶ ሰማንያ ይሁን።»

«ሁለት መቶ ሠላሳ።»

ሂርሲ ስለ ሞተሩ ጥንካሬ ተናገረ፣ ስለ ፈረንሳዮች ተናገረ፣ ስለ ሟቹ ዲሪዬ ደግነት ተናገረ። ዳሃቦ ዝም አለች። ሻይ መጣ፤ ጠጣች። በመጨረሻ ሂርሲ ወደ ጉሌድ ዞሮ፣ «ይቺ ሴትዮ ሁልጊዜ እንዲህ ናት?» አለ። በሁለት መቶ አርባ አምስት ተስማሙ። ሞተሩ በፈረስ ጋሪ ተጭኖ መጋላ ሲገባ ዳሃቦ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ከአራተኛው ጣሳ ያወጣችውን አሥራ አምስት ብር ጉድለት ለአማቷ መናገር ነበር።

ወሬ መነሣቱ አልቀረም። ባሏ በሞተ በዓመቱ ወንድ ግቢዋ ይገባል፤ መኪና ሥር አብረው ይተኛሉ ተባለ። ሀሊሞ ይህን ስትሰማ በርጩማዋን አንሥታ ከመኪናዋ አጠገብ፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር አስቀመጠች። «ካወሩ ስለ ሦስታችንም ያውሩ» አለችና መርፌዋንና ኮፍያዋን ይዛ ተቀመጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ካለ ሀሊሞ እዚያ ናት።

የሚሠሩት ጠዋት ብቻ ነበር። ፀሐይ ሲበረታ ብረቱ አይነካም፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ ጉሌድ ጫቱን ይዞ ከጓደኞቹ ጋር ስለሚቀመጥ አይገኝም። ዳሃቦ ሱቋን ለጎረቤቷ ለዓናብ ትታ ረፋድ ላይ ትደርሳለች። ጉሌድ ከኮፈኑ ጎን ቆሞ፣ «ያንን ብሎን ወደ ግራ። ቀስ። አይ፣ መፍቻውን ወደ አንቺ ሳቢ፣ አትግፊው፣ ቢያመልጥሽ እጅሽን ነው የሚልጠው» ይላታል። ሁለቴ አምልጧት እጇን ልጧታል። የወጣውን ብሎን ሁሉ ሀሊሞ ትቀበላለች፤ በኮፍያ መጥለፊያ ክሯ አንገቱን ታስረዋለች። ከካምቢዮ የወጣው ሰማያዊ፣ ከራዲያተር የወጣው ቀይ፣ ከሞተሩ እግር የወጣው ነጭ። ጉሌድ መጀመሪያ ቀልድ መስሎት ነበር። ሊገጥሙ ሲመለሱ ግን ሀሊሞን በሶማሊኛ እናቴ ብሎ «ሆዮ፣ ነጩን ስጪኝ» ማለት ብቻ በቃ።

አሮጌው ሞተር ሊወጣ ሲቃረብ የሥሩን ዘይት መያዣ ፈቱት። ዳሃቦ እጇን ስትከት የነካችው ዘይት አልነበረም፤ እንደ ጭቃ የወፈረ ጥቁር ዝቃጭ ነው። በመዳፏ ይዛ አሳየችው።

ጉሌድ ዝቃጩን በጣቱ ነካው። «ዘይት መቀየር ነበረበት» አለ። «ስንቴ ነግሬዋለሁ። ይኼን ወር ልለፈው፣ የዛምዛም ልብስ አለ፣ የእናቴ መድኃኒት አለ ይላል። ዘይቱን እየቆጠበ ሞተሩን ገደለው።»

ሀሊሞ መርፌዋን አቆመች። ዳሃቦ ወደ መኪናው ሥር ተመለሰች፤ ዝቃጩን በቆርቆሮ ቁራጭ ጠርጋ ጨረሰች፣ እጇን በነጭ ጋዝ አጠበች። ባሏ ስለ መድኃኒቱም ሆነ ስለ ዘይቱ አንድም ቀን አልነገራትም ነበር። የዚያን ዕለት ገበያ አልተመለሰችም።

ማንሻው ገንዘብ የሚበላ ይመስላት ነበር። ሆኖም ቀፊራ ያሉ የእህል ጅምላ ነጋዴዎች ኩንታል የሚመዝኑት ሚዛኑን በሦስት ወፋፍራም አጣናዎች መሐል አንጠልጥለው ነው። ዓርብ ከጁምዓ በፊት ገበያው ቀዝቃዛ ስለሆነ ዳሃቦ አጣናዎቹን ለአንድ ጠዋት ለመነቻቸው፤ አበደሯት። ሙሴም የሞተር ማንሻ ሰንሰለቱን በስድስት ብር አከራያት። አሮጌው ሞተር ተነሣ፣ አዲሱ ገባ። ሰንሰለቱን የሳቡት ዳሃቦና ሁለት የመንደሩ ተሸካሚዎች ናቸው፤ ጉሌድ ሞተሩን በትከሻው እየገፋ ወደ ቦታው መራው። አጣናዎቹ ከጁምዓ በፊት ቀፊራ ተመለሱ።

ሞተሩ ግን እግሩ አልገጠመም። ሁለት ጣት ያህል ወደ ፊት ወጣ። የሚያርፍበትን ብረት ቆርጦ ማስበየድ አስፈለገ፤ ሦስተኛው ጣሳ ያን ቻለ። ሁለተኛው ጣሳ ግን ዕቃ በተገዛ ቁጥር እየሳሳ ነበር። የፍሪሲዮን ሸራው ካሰቡት ተወደደ። አንድ ነገር ቀረ። ጉሌድ የሞተሩ ራስ ተከፍቶ ከሥሩ ያለው ጓርኒሲዮን፣ ውሃና ዘይቱ እንዳይቀላቀሉ መሐል የሚገባው ስስ ሽፋን፣ በአዲስ ይቀየር አለ። ዋጋው አሥራ አራት ብር ነው።

«ሂርሲ መኪናዋ ግላ አታውቅም ብሏል» አለች ዳሃቦ።

«ሂርሲ ሊሸጥልሽ ነው እንዲህ ያለው።»

«ከላይ ሲታይ ደህና ነው፤ አንተም አይተኸዋል።»

«ከላይ ነው ያየሁት። ዳሃቦ፣ ሞተሩ ውጭ እያለ ራሱን መክፈት ቀላል ነበር፤ አሁንም ቢሆን ከመነሣቱ በፊት እንክፈተው።»

«አሥራ አራት ብር የሁለት ቀን ሽያጬ ነው። ይቆይ።»

ጉሌድ ሁለተኛ አልጠየቃትም። በሚቀጥለው ማክሰኞ ሞተሩ ተነሣ። መጀመሪያ አሳለው፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ከዚያ ድምፁ ተስተካከለ። ጎረቤት ሁሉ በግቢው በር ተሰበሰበ። ሀሊሞ ጆሮዋን ይዛ እየሳቀች «አጥፉት፣ አጥፉት» አለች። ዛምዛም ከቁርአን ቤት ስትመለስ ሞተሩን ደግመው አስነሡላት። ዳሃቦ ከኮፈኑ ጎን ቆማ የሚንቀጠቀጠውን ብረት ታየው ነበር። ፊቷ ላይ ብዙ ነገር አይነበብም፤ ግን ገበያ ስትወጣ ለዓናብ «ተነሣ» ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ እጇን ጨበጠቻት።

በሦስተኛው ቀን ራዲያተሩ ውስጥ ውሃው መንተክተክ ጀመረ። የዘይት መለኪያውን ሲያወጡት ዘይቱ ወተት እንደገባበት ሻይ ሆኗል። ጉሌድ መለኪያውን ይዞ ቆመ። ነግሬሽ ነበር አላለም። እሷ ናት ያለችው።

«ነግረኸኝ ነበር።»

«አዎ።»

«እሱ በዘይት ቆጠበ፣ እኔ በዚህ ቆጠብኩ።»

«አንቺ ቶሎ አቁመሻል። ሞተሩ አልሞተም» አላት።

ራሱን ከፈቱት። ሽፋኑ ጠርዙ ላይ ተቃጥሏል፤ የሞተሩም ራስ በሙቀት ትንሽ ስለተጣመመ በማሽን ተልጎ መስተካከል ነበረበት። ይህን የሚሠራው ሙሴ ብቻ ነው። ዳሃቦ ብረቱን በጨርቅ ጠቅልላ በጋሪ ወሰደችለት።

«ሠላሳ አምስት ብር» አለ ሙሴ። «አየሽ፣ አሁን የምትጮሂበት ሰው የለም።»

«አልጮህም» አለችው። «አሳምረህ ላገው።»

መላጊያው፣ ሽፋኑና እንደ አዲስ የሚሞላው ዘይት ሲደመር አራተኛው ጣሳ አልበቃም፤ ከአሥር ብር ትንሽ የሚበልጥ ጎደለ። ዳሃቦ የቅመም ማምጫውን ልትነካ አልፈለገችም። ግቢው ጥግ የተጣለውን አሮጌ ሞተር ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ አብዲቃድር ሱቅ ሄደች።

አብዲቃድር ከሩቅ ሲያያት ተነሣ። «ይኸው፣ አላልኩሽም? ጋሪው የታለ?»

«መኪናዋን ልሸጥ አይደለም። አሮጌው ሞተር አለ። በውስጡ መዳብም አልሙኒየምም አለ፤ ማስነሻውም ዲናሞውም ደህና ነው። አርባ ብር።»

አብዲቃድር ሊሳለቅ አፉን ከፈተ፤ ነገር ግን ብረት ነጋዴ ነው። መጥቶ አየው፣ በእግሩ ነካ ነካ አደረገው፣ ዲናሞውን ፈትቶ አገላበጠው። «ሃያ አምስት» አለ። እሷ ዝም አለች። «ሠላሳ» አለ። ሠላሳውን ተቀበለች። ሊሄድ ሲል እናቱ ከበርጩማዋ ሳትነሣ፣ «አብዲቃድር፣ ልጄ፣ ሻይ ጠጥተህ ሂድ» አለችው። ከወንድሙ ሞት በኋላ እዚያ ግቢ ተቀምጦ አያውቅም። ተቀመጠ። ሻዩን ጠጣ። ራሱ የወለቀውን ሞተር እያየ፣ «ይኼን ሁሉ አንቺ ነሽ የፈታሽው?» አለ። ዳሃቦ የተላጡ ጣቶቿን አሳየችው። ከዚያ በኋላ ወር በገባ ቁጥር እናቱን ለመጠየቅ ይመጣ ጀመር።

ራሱ ተመልሶ ከተገጠመ በኋላ ሞተሩን ሳምንት ሙሉ እያስነሡ ሲያጠፉት ሰነበቱ። ውሃው ዝም አለ፤ ዘይቱም ንጹሕ ሆነ። የሚነዳ ሰው ያስፈልግ ስለነበር ጉሌድ ሹክሪ የሚባል የሚያውቀውን ሹፌር አመጣ፤ ጎልማሳ፣ ረጋ ያለ፣ መንገዱን በልቡ የሚያውቅ ነው። የመጀመሪያው ጉዞ ተሳፋሪ አልተጫነበትም። ከፊት ሹክሪና ጉሌድ ተቀመጡ፣ ከኋላ ዳሃቦና ሀሊሞ። ሀሊሞ ቤት ቅሪ ብትባል እምቢ አለች። ክሩን ያሰርኩት እኔ ነኝ አለች።

ደንገጎ ጀመረ። መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ ይወጣል፤ ድሬ ከታች ጠፍጣፋ ሆና፣ የአሸዋውን ወንዝ መሐል ለመሐል አስተኝታ ትታያለች። ባለፈው ዓመት ሞተሩ ቀጥ ያለበት ጥምዝ ጋ ሲደርሱ ሹክሪ ሳይነግሩት መኪናዋን ወደ ዳር አውጥቶ አቆመ። ጉሌድ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ፣ በደህና እጁ የውሃውን ቧንቧ ዳሰሰ፣ የዘይት መለኪያውን አየ። ዳሃቦም ወርዳ መለኪያውን ከእጁ ተቀብላ አየች።

«ንጹሕ ነው» አለች።

«ንጹሕ ነው» አለ ጉሌድ።

ሀሊሞ ከመኪናው ሳትወርድ ገደሉን እያየች፣ «እዚህ ነው?» አለች። እዚህ ነው አሏት። ለልጇ ፋቲሐ ቀራች፤ እነሱም እጃቸውን ዘርግተው አሚን አሉ። ከዚያ ተነሡ። ከዳገቱ በላይ ነፋሱ ቀዘቀዘ። ዓለማያን አልፈው፣ አወዳይን አልፈው ሐረር ገቡ። ሸዋ በር አጠገብ ሳምቡሳ በሉ፤ ሲመለሱ ሦስት ተሳፋሪ ጭነው ወረዱ።

መኪናዋ ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ሠራች። ሹክሪ ነዳት። ጉሌድ ደግሞ በየሳምንቱ እየመጣ፣ ዳሃቦን በእጁ ምትክ እያደረገ ይፈትሻት ነበር። ዘይቱ በጊዜው ይቀየራል፤ በዚህ ላይ ዳሃቦ ከማንም ጋር አትደራደርም። ከገቢው ሹክሪ ደሞዙን፣ ጉሌድ ሩቡን ይወስዳል። ሩቡን ይውሰድ ያለችው ዳሃቦ ናት፤ እሱ ምንም አልጠየቀም ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ጉሌድ አንድ ሌላ ነገር ጠየቀ። ሀሊሞ ለሶላት ወደ ቤት ገብታ ሳለ ነው።

«ዳሃቦ፣ ሰው መቼም ማውራቱን አይተውም። ብንጋባ ዝም ይላል።»

ዳሃቦ የያዘችውን ካንዴላ በብሩሽ እየፈገፈገች ነበር። አላቆመችም።

«ዝም እንዲል ብለህ ነው?»

«አይ» አለ ጉሌድ። «እሱስ ሰበብ ነው።»

«አንተ ደግ ሰው ነህ፣ ጉሌድ። ግን ከእንግዲህ ማግባት አልፈልግም። ሆዮ እዚህ ናት፣ ልጄ እዚህ ናት። አንተም እንዳለኸው ብትሆንልኝ ነው የምወደው።»

ጉሌድ ራሱን ነቀነቀ። ሦስት ሳምንት አልመጣም። በአራተኛው ሳምንት መጣና የፍሬኑን ዘይት አየሽው ወይ ብሎ ጠየቃት፤ ጉዳዩ ከዚያ በኋላ አልተነሣም። ሀሊሞ ይህን ሁሉ አውቃ ነበር። አንድ ቀን ብቻ፣ «እኔ ብሆን እሺ እለው ነበር» አለች። ዳሃቦ ሳቀች።

ሀሊሞ በ1960 ዓ.ም. ሞተች፤ አብዲቃድርና ዳሃቦ አብረው ቀበሯት። ዛምዛም ትምህርቷን ጨርሳ መምህር ሆነች። ዳሃቦ የቅመም ሱቋን አልተወችም። ከጊዜ በኋላ ግን ቀፊራ የሚመጡ ሹፌሮች ከከሙኑና ከሄሉ በላይ ቆመው ሌላ ነገር ይጠይቋት ነበር። ያገለገለ ሞተር ልገዛ ነው፣ ስንት ብር ልያዝ ይሏታል። እሷም መጀመሪያ ያለህን ገንዘብ ንገረኝ ትላለች። ካልነገሯት አትመልስም።

ፔጆዋን በ1963 ዓ.ም. ለአንድ የጅጅጋ ሰው ሸጠቻት። ሰውየው ሊያያት ሲመጣ ኮፈኑን ራሷ ከፍታ፣ ይኼ ተበይዷል፣ ይኼ አርጅቷል፣ ራዲያተሩ በዓመት ውስጥ ይቀየራል እያለች አንድ በአንድ አሳየችው። ሰውየው ሻጭ እንዲህ ሲያደርግ አይቶ ስለማያውቅ ተጠራጠረና ወደ ጉሌድ ዞሮ፣ «የደበቀችኝ ሌላ ነገር አለ ወይ?» አለው። ጉሌድ የለም አለው። ገንዘቡን ከፍሎ ማለዳ ይዟት ሄደ። ዳሃቦ በገንዘቡ ግቢው ላይ ወደ መንገድ የሚከፈቱ ሁለት ክፍሎች ሠራች፤ አንዱን ለዓናብ አከራየች፣ በሌላው ውስጥ ጉሌድ አሮጌ የመኪና ዕቃ መሸጥ ጀመረ።